የጠበልተኞችን ልብስ ያጠብንበት ክረምት

ባለፈው ጥር የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ እናቷ ሞተውባት ለለቅሶ ወደ እንጦጦ ወጥተን ነበር። ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ የታክሲው ፍሬን ሸተተና ሹፌሩ፣ «እስኪበርድልኝ አምስት ደቂቃ ስጡኝ» ብሎ ዳር ያዘ። ወርደን ቆምን። ድሮ ጭቃው ጫማ የሚነጥቅበት መንገድ አሁን አስፋልት ሆኗል፤ ቱታ የለበሱ ሰዎች ሽቅብ እየሮጡ ያልፋሉ። ከአንድ የቆርቆሮ አጥር ሥር እንዶድ በቅሎ አየሁ። ሳላስበው ፍሬውን ቀጥፌ በመዳፌ አሸሁት።

ሽታው እንደ ድሮው ነው። አፍንጫን ይሰነፍጣል፣ ጉሮሮን ይቧጥጣል። ሁለቴ አስነጠሰኝ፤ ጓደኞቼ «ይማርሽ» አሉኝ። እኔ ግን ድንገት ደከመኝ። የለቅሶው ድካም አልነበረም። በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ በአንድ ክረምት፣ እዚያው ተራራ ላይ የደከመኝ ድካም ነው። ከትከሻዬ እስከ ጣቶቼ ጫፍ አወቅሁት።

በዚያ ዓመት እናቴ ወንድሜን ወለደች። የምንኖረው ሲግናል ሰፈር፣ አንድ ክፍል የኪራይ ቤት ውስጥ ነበር። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከወሩ ሃያውን ቀን የለም። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ እናቴ ልብሴን በፌስታል ቋጥራ፣ «ክረምቱን እትዬ አስካለ ጋ ትከርሚያለሽ። አየሩም ጥሩ ነው» አለችኝ። የአየሩን ጥሩነት አላመንኳትም። ቤታችን ለሁለት ልጅ እንደማይበቃ፣ አንዱ ሲመጣ ሌላው መውጣት እንዳለበት ነው የገባኝ። አባቴ እጄን ይዞኝ ሲወጣ እናቴ ሕፃኑን እያጠባች ነበር። ቀና ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። እኔ ያዘጋጀሁላት ጉንጬን ነበር።

እትዬ አስካለ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም፣ በባሏ ጡረታ ትኖራለች። ቁመቷ ረጅም ስለሆነ የራሷ የጭቃ ቤት በር ራሱ ጎንበስ ያሰኛታል። ብዙ አትናገርም። ሰው ሁሉ «ቤቲ» የሚለኝን እሷ ብቻ ሙሉውን «ቤተልሔም» ትለኛለች። በደረስኩ በማግስቱ ሰማዩ ገና ሳይገልጥ ብርድ ልብሴን ገፈፈችና፣

«ቤተልሔም፣ ተነሺ። ልብስ አለ» አለችኝ።

የኔን ያለች መስሎኝ፣ «ትናንት ነው የለበስኩት፤ አልቆሸሸም» አልኳት።

«ያንቺን ማን አለ» ብላ ወጣች።

ከቤቷ ቁልቁል፣ ከእንጦጦ ማርያም በታች፣ አንዲት ትንሽ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አለች። ጠበል አላት። ከሰሜን የሚመጡ በሽተኞች ላምበረት ከአውቶቡስ ይወርዱና በታክሲም በሸክምም ተራራውን ይወጣሉ፤ በአጥሩ ዙሪያ ከተሠሩት የቆርቆሮ ክፍሎች አንዱን ተከራይተው ወር ሁለት ወር ይጠመቃሉ። አስታማሚ ያለው ልብሱ ይታጠብለታል። የሌለው ልብሱ እላዩ ላይ ያልቃል። ይህን ያዩ የሰፈሩ ሴቶች ከዓመታት በፊት ተነጋግረው የጠበልተኞቹን ልብስ ማጠብ ጀምረዋል። ሲጀምሩ አሥራ አንድ ነበሩ አሉ። እኔ ስደርስ ሦስት ቀርተዋል። ከሦስቱም አንዷ፣ ሴት ልጇ ወልዳባት፣ ሐምሌ ሳይጋመስ አዳማ ወርዳ በዚያው ቀረች።

ስለዚህ እትዬ አስካለና አዴ ጫልቱ ብቻ ነበሩ። እኔም።

አዴ ጫልቱ እዚያው ተራራ ላይ ተወልዳ ያደገች ናት። አባቷ ገብስ ያርሱበት የነበረው መሬት ዛሬ ሰፈር ሆኗል። አጭር፣ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። ወሬዋን በአማርኛ ትጀምርና ሲደክማት በኦሮምኛ ትጨርሰዋለች፤ ስለዚህ ከቀትር በኋላ የምትለው ግማሹ ያመልጠኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የልብስ ቀን ነው። የኔ ሥራ እንዶድ መውቀጥ ነበር። ሳሙና መግዣ ስላልነበረ በበጋ ተለቅሞ የደረቀውን የእንዶድ ፍሬ በሙቀጫ አደቀዋለሁ። ብናኙ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ያስለቅሰኛል፤ አላፊ አግዳሚው «ይቺ ልጅ እናቷ ናፍቃት ነው» ይላል። ናፍቃኝም ነበር፤ ግን እንባው የእንዶዱ ነው። እኔ ስወቅጥ ሁለቱ ሴቶች በየክፍሉ እየዞሩ የቆሸሸውን በኬሻ ይሰበስባሉ። ከዚያ ወደ ወንዙ እንወርዳለን። ውሃው ከተራራው አናት የሚመጣ ስለሆነ መጀመሪያ ይቆረጥማል፣ ቀጥሎ ያደነዝዛል፣ ከዚያ እጅ የራስ አይመስልም። ነጩን አረፋ እያስነሳን በእግራችን እንረግጣለን፣ ድንጋይ ላይ እናሻለን፣ እንጨምቃለን። እርጥቡን ተሸክመን ዳገቱን እንወጣለን። ክረምት ነውና ውጭ አይደርቅም፤ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ገመድ ተወጥሮ እዚያ ይሰቀላል። ማክሰኞ የተሰቀለው ሐሙስም እንደረጠበ ነው፤ የሐሙሱ በላዩ ይመጣል። አዳራሹ እርጥብ ሱፍ፣ እርጥብ እንጨት፣ እርጥብ ሰው ይሸታል።

ራት ላይ ምግቡ አፌ ውስጥ እያለ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

አንድ ነገር ያስጨንቀኝ ጀመር። ያ ወንዝ ቁልቁል ወርዶ በኛ ሰፈር ድልድይ ሥር እንደሚያልፍ አባቴ ነግሮኛል። ጓደኛዬ ሳምራዊት ቤቷ ከድልድዩ አጠገብ ነው። አረፋው የበሽተኞቹን በሽታ ተሸክሞ ሲሄድ እያየሁ፣ ማታ ሳምራዊት ስታስል ይታየኛል። አንድ ቀን አልቻልኩም።

«አዴ ጫልቱ፣ በሽታው ከአረፋው ጋር ሲግናል ይደርሳል?»

የያዘችውን አንሶላ እንደጨመቀች አየችኝ። አልሳቀችም። «ሲግናል ሳይደርስ ይደክመዋል» አለችኝ።

አመንኳት። በሽታም እንደኛ የሚደክመው ነገር መሆኑ ደስ አለኝ።

ስሜም ጣጣ ነበረው። አንድ ቅዳሜ የአጥቢያዋ ቄስ አባ ገብረ ሥላሴ ቅጥሩ በር ላይ ቆመው፣ «ቤተልሔም ውሃ የለም እኮ!» ብለው ሲጮሁ ሰማሁ። የተቆጡት እኔን ነው ብዬ ደንግጬ ጀሪካን አነሳሁ፤ ከቧንቧው ሞልቼ በሁለት እጄ እየጎተትኩ አመጣሁላቸው።

«ማነሽ አንቺ? ማን አዘዘሽ ልጄ?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት። ‹ቤተልሔም ውሃ የለም› ብለው።»

«ስምሽ ማነው?»

«ቤተልሔም።»

አባ ሳቃቸውን ለማቆም መቋሚያቸውን ተደገፉ። ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚጋገርበት ቤት ቤተልሔም እንደሚባል ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ውሃውን ግን አልመለሱትም፤ ዲያቆኑ ከበሩ ላይ ተቀብሎኝ ገባ። ከዚያ ወዲያ ባዩኝ ቁጥር «እግር ያላት ቤተልሔም» ይሉኝ ነበር። በዚያ ክረምት ከሳቅኩባቸው ቀኖች አንዱ ያ ነው። ብዙ አልነበሩም።

ዘነበች የመጣችው ሐምሌ እንደገባ ነው። ወንድሟ ታክሲ ከሚቆምበት ድረስ አዝሏት መጣ፣ የሁለት ወር ኪራይ ከፈለላት፣ «በአሥር ቀን እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ምን እንዳመማት ማንም አልነገረኝም፤ ታስላለች፣ ታተኩሳለች፣ ክንዷ የኔን አያክልም። ከራስጌዋ ከጤና ጣቢያ የተሰጣት የኪኒን ከረጢት አለ። አባም ሲያጠምቋት፣ «ኪኒንሽን እንዳትተዪ፤ እሱንም የሰጠሽ እግዚአብሔር ነው» ይሏታል። አሥሩ ቀን አለፈ። ሃያ ሆነ። ወንድሟ አልመጣም፤ ስለ እሱም መጠየቅ ተወች።

የዘነበች ብርድ ልብስ ግራጫ ነበር። ወፍራም፣ ሻካራ፣ ወታደር የሚለብሰው ዓይነት። ተነስታ ለመውጣት አቅም ስለሌላት ማክሰኞ በመጣ ቁጥር እሱ አለ። ውሃ ሲጠጣ ከኔ ይከብዳል። ኬሻው ሲዘረገፍ እትዬ አስካለ ሁልጊዜ ቀድማ እጇን ትሰድና፣ «ይሄን ለኔ» ትላለች። ስትጨምቀው እኔ አንዱን ጫፍ ይዤ መጠምዘዝ አለብኝ። እሷ ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ። ጣቶቼ መሀል ያለው ቆዳ ተሰነጠቀ፤ እንዶዱ ሲገባበት እሳት ነው። ዘነበችን አልጠላኋትም። ብርድ ልብሱን ግን እንደ ሰው ጠላሁት።

በዚያው ሰሞን አባ ለእትዬ አስካለ፣ «አስካለ፣ ይብቃሽ እንግዲህ። ወገብሽንም እይው» ሲሏት ሰማሁ። ገባኝ አልኩ። እትዬ አስካለ አንድ ከባድ ኃጢአት ሠርታለች፤ አባ ልብስ ማጠብን ንስሐ አድርገው ሰጥተዋታል፤ አሁን ቅጣቷ አልቋል። ምን ሠርታ ይሆን እያልኩ ሁለት ቀን ፊቷን ሳጠና ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን ማታ፣ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ስትቀመጥ ጠየቅኋት።

«እትዬ፣ ምን በድለሽ ነው?»

«ምኑን?»

«ልብስ የምታጥቢው።»

እግሯን አየች። «በደል ቢሆንማ ጥሩ ነበር» አለች። «በደል ተከፍሎ ያልቃል። ልብስ አያልቅም።»

«ታዲያ ለምን ታጥቢያለሽ?»

«ቆሽሾ ነዋ።»

ፍልሰታ ሲገባ ተራራው ነጭ በነጭ ሆነ። ሱባኤ የያዙ ሰዎች ከከተማ መጡ፤ የቢሮ ሠራተኞች፣ መምህራን፣ ነጋዴዎች። ከቅዳሴ በኋላ ወንዙ ዳር ሃያ ሴት ይደረደራል። የእጅ ጓንትና የዱቄት ሳሙና ይዘው መጥተዋል፣ እያጠቡ ይዘምራሉ። ጥፍሯን የተቀባች አንዲት ወጣት ያንን ግራጫ ብርድ ልብስ ከእትዬ አስካለ እጅ ተቀብላ፣ ጣቷ እስኪደማ ስታሸው አየሁ፤ ወደድኳት። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሰው እንቅልፍ ተኛሁ።

ጾሙ ሲፈታ ሁሉም ወረዱ። አልወቅሳቸውም፤ ሥራ አላቸው፣ ልጆች አሏቸው። ግን ከፍልሰታ በኋላ የመጣችው የመጀመሪያዋ ማክሰኞ ከሁሉም ከበደችኝ። ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ ወንዙ ጎርፍ የመሰለ ቡናማ ሆኗል። እኛ ሦስታችን ነን። ኬሻው ሦስት ነው።

እኩለ ቀን ላይ ሁለቱ ሴቶች የመጀመሪያውን ሸክም ይዘው ወደ አዳራሹ ወጡ። እኔ የቀረውን እንድጠብቅና ብርድ ልብሱን እንዳለቀልቅ ተተውኩ። ጫፉን ይዤ ውሃው ውስጥ ሰደድኩት። ጎርፉ ጎተተው። እኔም ጎተትኩ። ክንዴ ዛለ፣ ወገቤን አመመኝ፣ ዝናቡ አንገቴ ውስጥ ይገባል።

አልጣልኩትም። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። እጄን ነው የከፈትኩት።

እንደ ግራጫ እንስሳ ጀርባውን አሳይቶኝ በጠማማው በኩል ዞረ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቀለለኝ፤ የዚያን ያህል ቀሎኝ አያውቅም። ከዚያ ፈራሁ። ሲመለሱ፣ «ውሃው ወሰደው» አልኳቸው። አዴ ጫልቱ በኦሮምኛ አንድ ነገር ብላ ፊቷን አማተበች። እትዬ አስካለ ወንዙን አየች፣ እኔን አየች።

«እንኳን አንቺን አልወሰደሽ» ብላ በእርጥብ እጇ ራሴን ዳበሰችኝ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እትዬ አስካለ ካንድ በቀር የሌላትን ጋቢ አጥፋ ወደ ዘነበች ክፍል ይዛው ሄደች። ራሷ በነጠላና በባሏ አሮጌ ካፖርት መተኛት ጀመረች። የነሐሴ ብርድ እዚያ ተራራ ላይ ቀልድ አያውቅም። ሐሙስ እያሳላት አጠበች። ቅዳሜ ወገቧ ያዛትና ከአልጋ መነሳት አቃታት።

«ዛሬ ይቅር» አለችኝ ወደ ግድግዳው እንደዞረች። «አንቺም ተኚ።»

ተኛሁ። ስመኘው የነበረ ቃል ነው፤ ግን ዓይኔን ብጨፍን አዴ ጫልቱ ብቻዋን ወንዙ ዳር ትታየኛለች። ተነስቼ ወጣሁ። ኬሻውን ይዤ በየክፍሉ ዞርኩ። ዘነበች ክፍል ስገባ የእትዬ አስካለ ጋቢ ያ ግራጫ ብርድ ልብስ ይቆሽሽ እንደነበረው ቆሽሾ አገኘሁት። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ምን ሆንሽ እህቴ?» አለችኝ ዘነበች።

«ብርድ ልብስሽን ውሃው አልወሰደውም። እኔ ነኝ የለቀቅኩት። ከብዶኝ።»

በክርኗ ቀና አለች። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋን ሳል አቋረጣት፣ እሱ ሲያልፍላት እንደገና ሳቀች። «እሰይ! እኔም እኮ አልወደውም ነበር። የወንድሜ ሚስት ናት ‹ይሄን ይዛ ትሂድ፣ ግን መልሳ እንዳታመጣው› ብላ የሰጠችኝ።» ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። «ለአክስትሽ ግን ንገሪያት። የበረዳት እሷ ናት።»

ያን ቀን ከአዴ ጫልቱ ጋር እስከ አሥር ሰዓት አጠብን። ቤት ስገባ እትዬ አስካለ አልጋ አጠገብ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ እጄ ተጨማዶ፣ እግሬ ጭቃ እንደሆነ። ከግድግዳው አልዞረችም። የተኛች መስሎኝ ነበር።

«በጣም ከብዶሽ ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«እኔንም ይከብደኛል።» የባሏን ካፖርት ወደ ትከሻዋ ሳበች። «አንድ ቀን እለቀው ይሆናል እያልኩ እኔም ስፈራ ነው የከረምኩት።»

ቁጣ ስጠብቅ ይህ መጣ። ትልቅ ሰው እንደሚደክመው አውቅ ነበር፤ ትልቅ ሰው የራሱን እጅ እንደሚፈራ ግን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሻይ አፍልቼ ሰጠኋት። ጠጥታ ስትጨርስ ብርጭቆውን እየመለሰችልኝ፣ «ማክሰኞ በጊዜ ተነሺ» አለችኝ።

በሳምንቱ ተነሳች። ከስታ፣ ቀስ እያለች፣ ግን ወረደች። አባ በቅዳሴ መጨረሻ ስለ ጠበልተኞቹ ልብስ ተናግረው ከሰፈሩ ሰው ሁለት ብርድ ልብስ ተገኘ፤ እጅ ግን አልተገኘም። ዘነበች ደግሞ ቀስ በቀስ በር ላይ ወጥታ ፀሐይ መሞቅ ጀመረች። አንድ ቀን ስወቅጥ አየችኝና፣ «አምጪው፤ እጄ አልሞተም» ብላ ሙቀጫውን ወደ ራሷ ሳበች። አምስት ጊዜ ትወቅጣለች፣ ታርፋለች፣ ታስነጥሳለች፣ ደግሞ ትወቅጣለች። እኔ በአንድ ሰዓት የምጨርሰውን እሷ ግማሽ ቀን ይፈጅባት ነበር። ማናችንም አልቀማናትም።

ጳጉሜን እንደገባ፣ ሐሙስ ቀን፣ ልብስ ልንሰበስብ ስንሄድ ክፍሏ ተጠርጎ ባዶ ነው። ጋቢው ታጥቦ አልጋው ላይ ታጥፏል። ጎረቤቷ፣ «ማለዳ በእግሯ ወደ ላምበረት ወርዳለች፤ አገሯ ልትገባ» አለችን። ከሰዓት ስንመለስ በዚያው አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ ተኝተዋል። እትዬ አስካለ ስማቸውን እንኳ ሳትጠይቅ የቆሸሸ ሸሚዛቸውን ከወለሉ አነሳች።

ተናድጄ ኬሻውን መሬት ላይ ጣልኩት። «ሳትሰናበተን! ይሄን ሁሉ አጥበንላት!»

«ድናለች እኮ» አለች እትዬ አስካለ። «የዳነ ሰው ይሄዳል። ካልሄደማ ምኑን ዳነ?»

እናቴ የመጣችው በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነው። እትዬ አስካለና እኔ ከወንዝ ተመልሰን ትንሽ ብንቆይ ነው። እትዬ አስካለ ጫማዋን አውልቃ መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እንደተቀመጠች፣ እርጥብ ነጠላዋን እንደለበሰች፣ እንቅልፍ ወሰዳት። ቀን ስትተኛ አይቻት አላውቅም። እናቴ ወንድሜን አዝላ በሩን ገፍታ ገባች። ጉንጬን ሳመችኝ። ከዚያ እጄን አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው? ቤቲ፣ እጅሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ልብስ ሳጥብ።»

«የማንን ልብስ? አገልጋይ አድርጋሽ ነው የከረመችው?»

በኛ ቤት አገልጋይ ማለት የሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ናት። በአባ አፍ ደግሞ ቀዳሹ፣ ዘማሪው፣ እትዬ አስካለም አገልጋይ ናቸው። የትኛውን እንደጠየቀችኝ አላወቅኩም።

«አዎ» አልኳት።

«ቀስቅሻት። የምነግራት አለኝ።»

«አትቀስቅሻት እማዬ። ዛሬ ሦስት ኬሻ ነው ያጠብነው። ትተኛ።»

እናቴ ልትናገር አፏን ከፍታ እትዬ አስካለን አየቻት። ራሷ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፣ አፏ ትንሽ ተከፍቷል። እግሮቿ ውሃ ውስጥ ውለው ነጥተዋል፤ ተረከዟ እንደ ደረቀ መሬት ተሰንጥቋል። እናቴ ወንድሜን ከጀርባዋ አውርዳ ለኔ ሰጠችኝ። እርጥቡን ነጠላ ከእትዬ አስካለ ትከሻ ላይ ቀስ ብላ ገፈፈችና ገመዱ ላይ ሰቀለችው፤ የራሷን ደረቅ ነጠላ አልብሳት ጫፉን በእግሮቿ ዙሪያ ጠቀለለችላት። እትዬ አስካለ አልነቃችም።

ፌስታሌን ይዤ ወጣሁ። እናቴ በሩን ስትገጥም ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጇ ደግፋ ነው።

«ሳንሰናበታት» አለች ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ፤ ፊቷ ላይ ቁጣው የለም። «ስትነቃ ምን ትላለች?»

«ምንም አትልም» አልኳት። «ማክሰኞ ልብስ አለ።»